የሰማዩን ሶዲየም ከመንገዱ ሶዲየም መለየት፦ የሱሉልታ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ

ክረምቱ ወጣ፣ ሰማዩም ተከፈተ። ሥራው ተጀመረ።

ከምድር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስስ የሶዲየም አተሞች ሽፋን አለ። ሌሊት ሌሊት በጣም ደካማ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ያንን ብርሃን እዚሁ ሱሉልታ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ሆኜ፣ ራሴ በሠራሁት መሣሪያ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ቢጫ ብርሃን መገኘቱ ብቻ ግን አይበቃኝም። ብርቱካንማዎቹ የመንገድ መብራቶችም የሚያበራቸው ሶዲየም ነው። አዲስ አበባ ከተራራው ማዶ ናት፣ የሱሉልታ አስፋልት ደግሞ ከደጄ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የያዝኩት ብርሃን የሰማዩ ይሁን የመንገዱ መለየት አለብኝ። ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

የላይኛው ሶዲየም የሚመጣው ከጠፈር ነው። በየዕለቱ ወደ ምድር የሚገባው አቧራና ተወርዋሪ ኮከብ አየሩን ሲመታ ግሎ ይተናል። ውስጡ የነበሩት ሶዲየም፣ ብረትና ማግኒዚየም እዚያው ይበተናሉ። የሶዲየሙ ሽፋን በግምት ከ80 እስከ 105 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። በጣም በሚበዛበት ከፍታ እንኳ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ሺህ አተም ነው። ይህቺን ታህል ነገር መሬት ላይ ቆሞ ማየት መቻሉ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ብርሃን በየቀለሙ ሲበተን ሶዲየም ቀጭን ቢጫ መስመር ሆኖ ይታያል። ያቺን መስመር ከሌሊቱ ሰማይ ብርሃን ውስጥ በ1929 የለያት አሜሪካዊው ቬስቶ ስላይፈር ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ወሮቹ ግን የእኛ ናቸው።) ለምን እንደምትበራ ያስረዳው ሲድኒ ቻፕማን ነው፣ በ1939። ሐሳቡ በሁለት እርምጃ ያልቃል። የሶዲየም አተም ኦዞንን ሲያገኝ አንድ ኦክስጅን ይነጥቀዋል። ሶዲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ከዚያ ሶዲየም ኦክሳይዱ ብቻውን የሚዞር የኦክስጅን አተም ሲገጥመው የያዘውን ኦክስጅን ይለቅለትና ተመልሶ ሶዲየም ይሆናል። ከተመለሱት አተሞች አንዳንዶቹ ትርፍ ጉልበት ይዘው ይወጣሉ። ያንን ጉልበት በቢጫ ብርሃን ይለቁታል፣ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ (ቁጥሮቹ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ናቸው)። ሶዲየሙ ግን አያልቅም። ያው አተም ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል።

ጥቅምት አጋማሽ

መሣሪያው ቅርጽ ይዟል። ሣጥኑ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውስጡ ድፍን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። አናጢው ጋሼ ማዕዘኑን ስነግራቸው «ሃምሳ ሦስት ዲግሪ? ማን ነው እንዲህ ያለ ሣጥን የሚያዘው?» አሉኝ። ግን ልክክ አድርገው ቆረጡልኝ።

ማዕዘኑ የመጣው ከዲቪዲው ነው። ዲቪዲ ላይ ያሉት ጥርቦች በመካከላቸው 0.74 ማይክሮ ሜትር ርቀት አላቸው። ስለዚህ ብርሃንን በየቀለሙ ይበትናሉ። ዲቪዲውን በምላጭ ጠርዙን ይዤ ለሁለት ሰነጠቅኩት። የሚያብረቀርቀውን ሽፋን በስኮች አነሳሁት። የቀረው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሲገባበት ቢጫው 53 ዲግሪ ገደማ ታጥፎ ይወጣል። ካሜራው የሚቀመጠው እዚያ አቅጣጫ ላይ ነው።

ብርሃን መግቢያው ሁለት የምላጭ ስለቶች ትይዩ ሆነው የሠሩት ስንጥቅ ነው። አንዱ ምላጭ በብሎን ይንቀሳቀሳል፣ ስንጥቁን ማጥበብና ማስፋት እችላለሁ። ከስንጥቁ ኋላ አንድ አሮጌ ሌንስ አለ፣ ከምናለሽ ተራ የተገዛ። ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ ለዲቪዲው ያቀብላል። ካሜራው ያገለገለ ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር። ዋናው ነገር ጥሬውን መረጃ ሳያሳምር ማስቀመጥ መቻሉ ነው። ያማረ ፎቶ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ካሜራው ሲያሳምር ቁጥሮቹን ያዛባል።

ልኬቱን ያስተካከልኩት በኃይል ቆጣቢ አምፖል ነው። ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ 546.1፣ 577.0 እና 579.1 ናኖሜትር ላይ ጥርት ያሉ መስመሮች ይሰጣል። ሁለቱ ቢጫዎች ለየብቻቸው ቁጭ ብለው ታዩ። መሣሪያው ይሠራል ማለት ነው።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ወጥ ቤት

ከሰማዩ በፊት ነበልባል። የአፋር ጨው በውኃ አሟሟሁ፣ በሚረጭ ጠርሙስ አድርጌ በቡታጋዙ ሰማያዊ እሳት ላይ ረጨሁት። እሳቱ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ስንጥቁን እጅግ አጥብቤ ቀረጽኩ። ሁለቱ የሶዲየም መስመሮች ተለያይተው ወጡ! በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.6 ናኖሜትር ብቻ ነው። በዲቪዲ ቁራጭ ይህን ማየት ደስ ይላል።

ስማቸው ዲ 1 እና ዲ 2 ነው። ዲ የሚለውን የሰጣቸው ጀርመናዊው ፍራውንሆፈር ነው፣ በ1814፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ጥቁር መስመር ሆነው ሲያያቸው። ዲ 2 አጭሩ ነው፣ 589.0 ላይ ይቀመጣል፣ ጠንካራውም እሱ ነው። አተሞቹ ጥቂት ከሆኑና እርስ በርስ ካልተጋረዱ ዲ 2 የዲ 1 እጥፍ መሆን አለበት። ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ካሜራው ለሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ ርካሽ ካሜራም ቢሆን ጥምርታቸውን በደንብ ይለካል።

ጨዉን በጣም አቅጥኜ ስረጭ ጥምርታው 2 አካባቢ ወጣ። ጨው ስጨምር ወረደ። በደንብ ሳጠግበው ወደ 1.3 ደረሰ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሶዲየም ሲበዛ አንዱ አተም የለቀቀውን ብርሃን ሌላው ይውጠዋል። ጠንካራው ዲ 2 ይበልጥ ይዋጣል፣ ስለዚህ ሁለቱ እኩል ወደ መሆን ይሄዳሉ።

ይህን ሙከራ የሠራሁት ለመዝናኛ አይደለም። በ2005 ቶም ስላንገርና ባልደረቦቹ የሰማዩን ጥምርታ ለክተው ከ1.2 እስከ 1.8 እንደሚወዛወዝ አሳይተዋል። ሃዋይ ካለው ከ10 ሜትሩ የኬክ ቴሌስኮፕ መረጃ ነው የሠሩት። ኮከብ የሚያጠኑ ሰዎች የሰማዩን ብርሃን እንደ እንቅፋት ቀንሰው ይጥሉታል። እነ ስላንገር የሚጣለውን አንስተው አጠኑት። እንዲህ ያለ ሥራ በጣም ነው የማከብረው።

የሰማዩ ጥምርታ ለምን ከ2 ያንሳል? እንደኔ ነበልባል ሶዲየሙ ስለበዛ ነው እንዳንል አያስኬድም። ከታች እስከ ላይ ያለው ሽፋን በሙሉ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢደመር 4 ቢሊዮን አተም ገደማ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ በውስጡ ከሚያልፈው ቢጫ ብርሃን የሚውጠው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ይህ ጥምርታውን እስከ 1.2 አያወርደውም። ስለዚህ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ኬሚስትሪው ውስጥ ነው።

ኅዳር፣ ደመናማ ሳምንት

ያልታሰበ ደመና መጣ። መሣሪያው ተሸፍኗል። እኔም የቤተ ሙከራዎቹን ሥራ እያነበብኩ ነው። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰማዩን ማንበብ የሚቻለው እነዚህ ሰዎች መሬት ላይ በለኩት ቁጥር ነው።

ሶዲየምና ኦዞን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዋሃዱ የሚለካው በአብዛኛው በፍሰት ቱቦ ነው። ረጅም ቱቦ ነው፣ አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ግፊቱ በጣም ዝቅ ያለ። በአንድ ጫፍ የሶዲየም ቁራጭ በትንሽ ምድጃ ይሞቃል። ትነቱን ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ይዞት ይፈሳል። መንገድ ላይ ኦዞን ይቀላቀለዋል። ኦዞኑ የሚሠራው በኦክስጅን ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በማሳለፍ ነው፣ መጠኑም 253.7 ናኖሜትር የሜርኩሪ ብርሃን ምን ያህል እንደዋጠ ታይቶ ይታወቃል። ቱቦው መጨረሻ ላይ ልክ 589 ላይ የተቃኘ ሌዘር የተረፈውን ሶዲየም ያበራዋል። ኦዞን ሲጨመር ያ ብርሃን ይደክማል። ጋዙ የሚሄድበት ፍጥነት ስለሚታወቅ የቱቦው ርዝመት ወደ ጊዜ ይመነዘራል። ከዚያ ሒሳብ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሶዲየም ያለበትን ጨው አትንኖ በአልትራቫዮሌት ሌዘር በአንድ ምት ሶዲየሙን መነጠል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚጠፋ በየማይክሮ ሴኮንዱ መከታተል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ልኬቶች የተስማሙበት ነገር ቢኖር ውህደቱ እጅግ ፈጣን መሆኑን ነው። በላይኛው አየር ቅዝቃዜ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 73 ዲግሪ አካባቢ፣ ቁጥሩ 6×10⁻¹⁰ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በሞለኪዩል በሰከንድ ገደማ ነው። ተጋጭተው የሚለያዩት ጥቂቶች ናቸው ማለት ነው። ምክንያቱም ውብ ነው። ሁለቱ ገና ሳይነካኩ አንድ ኤሌክትሮን ከሶዲየሙ ወደ ኦዞኑ ይዘላል። አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ይሆኑና ይሳሳባሉ።

ይህን ቁጥር ይዤ ወረቀት ላይ አሰላሁ። በ90 ኪሎ ሜትር ላይ ሌሊት ያለው ኦዞን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 100 ሚሊዮን አካባቢ ነው እንበል። ሁለቱ ሲባዙ አንድ የሶዲየም አተም ኦዞን እስኪያገኘው ሩብ ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ሁለተኛው እርምጃ ደግሞ ከሰከንድ መቶኛ አካባቢ አይበልጥም፣ ምክንያቱም እዚያ ከፍታ ላይ ብቸኛ የኦክስጅን አተም ከኦዞን እጅግ ይበዛል። ስለዚህ የቢጫዋን ብርሃን መጠን የሚወስኑት ሶዲየምና ኦዞን ናቸው። ማለትም እኔ ሱሉልታ ሆኜ የምይዘው ብርሃን በተዘዋዋሪ የኦዞን ዜናም ነው።

ወደ ጥምርታው ከመመለሴ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ከሁለተኛው እርምጃ የሚወጣው ሶዲየም ከመቶ ስንቱ ብርሃን ይሰጣል? ሰማዩን ለማስረዳት 10 አካባቢ መሆን ነበረበት። በ1986 ጆን ፕሌንና ዴቪድ ሁሴን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲለኩት ግን ከ1 በታች ወጣ። ሰማዩና ቱቦው ተጣሉ። በ1992 ዳድሊ ኸርሽባክና ባልደረቦቹ የማስታረቂያውን መንገድ አመጡ። ኸርሽባክ አተሞችን በጨረር መልክ አጋጭቶ በማጥናት በ1986 የኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ያሉት ይህ ነው፦ ከሶዲየምና ከኦዞን የሚወለደው ሶዲየም ኦክሳይድ በዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ ላይ አይደለም፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው የሚወለደው። ብርሃን የሚሰጠውም እዚያው ከፍ እንዳለ የኦክስጅን አተም ካገኘው ነው። በፊተኛው ሙከራ ሶዲየም ኦክሳይዱ ከመለካቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ነበር ማለት ነው። በጨረር ሙከራም ከፍ ያለው ደረጃ ታየ። በ2001 የታተመው ልኬት ከመቶ 14 ገደማ አገኘ። ሰማዩና ቱቦው ታረቁ።

ስላንገርና ባልደረቦቹ የመወዛወዙን ምክንያትም የፈለጉት እዚሁ ላይ ነው። ከፍ ያለው ሶዲየም ኦክሳይድ የኦክስጅን አተም ቀድሞ ካገኘው አንድ ዓይነት ጥምርታ ይሰጣል። ተራ የኦክስጅን ሞለኪዩል ቀድሞ ቢገጥመው ዝቅ ይልና ሌላ ጥምርታ ይሰጣል። የሁለቱ ኦክስጅኖች መጠን ከሌሊት ሌሊት ስለሚለያይ ጥምርታውም ይለያያል። ከሁለት የቢጫ መስመሮች ብቻ 90 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን ኦክስጅን መመርመር ይቻላል ማለት ነው።

«አንተስ የሶዲየምና የኦዞኑን ሙከራ ቤትህ ለምን አትሠራውም?» ያለኝ ወዳጅ አለ። አልሠራውም። የሶዲየም ብረት ውኃ ሲነካው ይቃጠላል፣ ይፈነዳል። ኦዞን ሳንባ ይጎዳል። ለዚህ የተሠራ ክፍል፣ የተሠራ ፓምፕ፣ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም፣ ለተማሪዎቼም ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት

ደመናው ሄደ፣ ውርጩ መጣ። የሱሉልታ ኅዳር ቀልድ አያውቅም። ለካሜራው ግን ቅዝቃዜው መልካም ነው፣ የራሱን የሙቀት ነጠብጣብ ይቀንስለታል። ችግሩ ጤዛው ነው። ሌንሱ ዙሪያ የካርቶን ኮፍያ አጠለቅኩ።

ስንጥቁን ለሰማይ አስፍቼዋለሁ። ስለዚህ ዲ 1 እና ዲ 2 አይለያዩም፣ አንድ ወፍራም መስመር ይሆናሉ። የሰማዩን ጥምርታ በዚህ መሣሪያ መለካት አይቻልም። የኔ ጥያቄ መስመሩ አለ ወይ፣ የማንስ ነው የሚለው ነው።

ያነጣጠርኩት ወደ ሰሜን፣ ወደ ጫንጮ በኩል፣ ከአድማስ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ሁለት ጥቅም አለው። አዲስ አበባና እንጦጦ ከጀርባዬ ይሆናሉ። ደግሞ ዕይታው ሽፋኑን በሰያፍ ስለሚያቋርጠው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከማየት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ሶዲየም ያገኛል። ሳሰላው ዕይታዬ ሽፋኑን የሚነካው ከዚህ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ደጄ ቆሜ የማየው የወሎን ሰማይ ሶዲየም ነው።

መጀመሪያ የመንገድ መብራቱን ራሱን ቀረጽኩ። የእነዚህ መብራቶች ጋዝ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ቢጫው ግራና ቀኝ ሰፍቶ ይታያል፣ ልክ 589 ላይ ግን መሐሉ ጥቁር ነው፣ የራሱ ሶዲየም ውጦታል። ከዚያ ሌላ 498፣ 568 እና 615 ናኖሜትር አካባቢ ተጨማሪ የሶዲየም መስመሮች አሉት። የሰማዩ ሶዲየም እነዚህን አይሰጥም። የቻፕማን ዑደት ለእነሱ የሚበቃ ጉልበት የለውም። ስለዚህ 568 የከተማው መታወቂያ ካርድ ሆነችልኝ። እሷ ካለች የመንገድ መብራት ገብቷል።

ከዚያ ሰማዩን፣ በሃያ ሃያ ደቂቃ እየከፈትኩ። 557.7 ላይ የኦክስጅኑ አረንጓዴ መስመር ቀጭን ግን ግልጽ ሆኖ ወጣ። እሱ የሚመጣው ከ97 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 589 ላይ ቢጫው አለ። 568ም አለች። ገና ነው።

እማማ፣ የግቢው ባለቤት፣ በጋቢ ተጠቅልለው ወጡ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ውርጭ ከሰማይ ምን ጠፋብህ?» ከሰል ያለበት ምድጃ አምጥተው አጠገቤ አኖሩልኝ። አመስግኜ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ የጋለ አየር ፊት ለፊት ካለፈ ምስሉን ያርገበግበዋል።

ታኅሣሥ መግቢያ፣ መብራት የጠፋበት ምሽት

ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ፣ አስፋልቱም ጭምር። ካሜራው በባትሪ ስለሚሠራ አልቆመም። ሌላ ጊዜ መብራት ሲጠፋ የማማርረውን ያህል ዛሬ ደስ አለኝ።

መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የተቀረጹት አሉ። ከጠፋ በኋላም ያንኑ አቅጣጫ፣ ያንኑ ደቂቃ እየከፈትኩ ቀጠልኩ። የጎጃም መንገድ መኪኖች ያልፉ ነበር፣ ግን ፋኖሳቸው የሶዲየም መስመር የለውም፣ የሚጨምረው ለስላሳ ወጥ ብርሃን ነው። ያንን መቀነስ ይቻላል። ሌንሱን ከድኜም ጨለማ ቀረጽኩ፣ የካሜራውን የራሱን ነጠብጣብ ለመቀነስ።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አወዳደርኩ። 568 ጠፍታለች። 589 ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ግን አለ። ወሳኙ ደግሞ አረንጓዴው ነው። 557.7 መብራቱ ከመጥፋቱ በፊትም በኋላም እኩል ነው። ስለዚህ ሰማዩ አልተለወጠም፣ ጭጋግም አልገባም። የተለወጠው የመንገዱ ብርሃን ብቻ ነው።

ገና የእንጦጦ ማዶው የአዲስ አበባ ብርሃን አለ ለሚል መልስ አለኝ። በመንገድ መብራቱ ላይ 568 ከቢጫው ጋር ያላትን ጥምርታ ለክቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀረጻዎች ላይ 568 ከጫጫታው (ከካሜራው የዘፈቀደ ነጠብጣብ) በታች ናት። እዚያ ልትደበቅ የምትችለውን ትልቁን መጠን ወስጄ ሳባዛ የከተማው ድርሻ የቀረውን ቢጫ ሊያስረዳ አይችልም። ቅርጹም ይመሰክራል። የቀረው መስመር ጠባብ ነው፣ እንደ መንገዱ መብራት ግራና ቀኝ የሰፋ አይደለም።

የያዝኩት የሰማዩ ሶዲየም ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ

አሁን በሰፈሩ መብራት ስር የተቀረጹትንም መጠቀም ጀምሬያለሁ። 568ን ለክቼ የከተማውን ቢጫ እቀንሳለሁ፣ የሚተርፈው የሰማዩ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት ካገኘሁት ጋር ይቀራረባል። ይህ ማለት መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ የለብኝም። ቢጫውን ከአረንጓዴው ጋር እያነጻጸርኩ በየጨለማው ሳምንት መመዝገብ እችላለሁ።

ቀጣዩ ሥራ የዲ 2 እና የዲ 1 ጥምርታ ነው። ለዚህ ከኔ ሣጥን የሚበልጥ ብርሃን ሰብሳቢ ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። እዚያ የማንኛውም ኮከብ ስፔክትረም (በየቀለሙ የተበተነ ብርሃኑ) ሲወሰድ ከጎኑ የሰማዩ ብርሃን አብሮ ይቀረጻል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሲቀንሱት አይጣሉት፣ ያስቀምጡት። የከተማውን ድርሻ በ568 መቀነስ እንደሚቻል እዚህ ታች ታይቷል። ምድር ወገብ አካባቢ ካለ ቦታ ለዓመታት የተመዘገበ ጥምርታ ትልቅ ሀብት ነው።

እስከዚያው የኔ ሣጥን ዲቪዲውን በ1,200 መስመር በሚሊ ሜትር ትክክለኛ በታኝ ይተካል። ማዕዘኑም ወደ 45 ዲግሪ ይቀየራል። ነገ ጠዋት ጋሼ ጋ እሄዳለሁ።